የጎጂ ቤሪ ቡቃያዬ መስታወት መሰለብኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቲሹ ካልቸር (ተክልን ከትንሽ ቁራጩ ጠርሙስ ውስጥ ማባዛት) የሠራችሁ፣ እስቲ አንድ ነገር በሉኝ። ጎጂ ቤሪን (ስሙን አትዩ፣ ፍሬው ለመድኃኒት የሚፈለግ ነው) ከአንጓው ቆርጬ በኤምኤስ ሚዲያ (የተለመደ የተክል ምግብ ድብልቅ) እያባዛሁ ነው፤ በሊትር 30 ግራም ስኳር፣ 7 ግራም አጋር (ሚዲያውን የሚያረጋው)፣ 1 ሚሊግራም ቢኤፒ (ቡቃያ የሚያበዛ ሆርሞን)፣ ፒኤች (የአሲድነት ልክ) 5.8። የመጀመሪያው ዙር ግሩም ነበር። በሦስተኛው ግን ቅጠሉ ወፍሮ ብርሃን ያሳልፍ ጀመር፤ በመቆንጠጫ ስነካው ውሃ እንደጠገበ ነገር ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሻጋታ የለም። የጠርሙሱ ውስጥ ግን ሁሌ እንዳላበው ነው።

ቢኤፒውን ወደ 0.5 ላውርደው፣ አጋሩን ልጨምር ወይስ አየር የሚያሳልፍ ክዳን ልግጠምለት? ሁሉንም ባንዴ ከለወጥኩ ጥፋቱ የቱ እንደነበር አላውቅም። የተበላሹትስ ይድናሉ ወይስ ልጣላቸው? ሥር ማስያዙን ገና አላሰብኩትም።