ሰብለ ወንጌል ተይዛለች ተባልን፣ ለነገ ጠዋት ጉዱ ካሣን እንዴት እናድርጋት?

እናትዬ (ማታ 1፡50)
ወገን ድረሱልኝ! ልጄ ነገ 2 ሰዓት ተኩል ላይ «መሆን የምፈልገው ገጸ ባሕርይ» ብላ ክፍል ውስጥ ትቀርባለች። ሳምንቱን ሙሉ የፍቅር እስከ መቃብሯን ሰብለ ወንጌልን ስትለማመድ ከርማ፣ አሁን በክፍሉ ቴሌግራም «ሰብለን ሌላ ልጅ ይዟታል፣ ቀይሩ» ተባለ። አልቅሳ አልቅሳ «እንግዲያው ጉዱ ካሣን ነው የምሆነው» ብላ ድርቅ አለች። ቤት ያለው የሰብለ ቀሚስና ነጠላ ብቻ ነው። ጢም ከምን ይሠራል? ሙጫ ፊት ይጎዳል?

ቡና ቁርስ
ፊታውራሪ መሸሻ ለአንዷ ሰብለ በዘር የሚመጥን ባል አጥተው ኖረው፣ ጭራሽ ሁለተኛ ሰብለ መጣችባቸው!

የሺ ጥለት
ጢሙን እርሺው። ጥጥ በሙጫ የተለጠፈ እንደሆነ ላብ ሲነካው ከዳር ይላቀቃል፣ ልጅቷም ንግግሯን ትታ አገጯን ስትይዝ ትውላለች። የእንጨትና የፕላስቲክ ሙጫማ ፊት አጠገብ እንዳይደርስ። የግድ ካልሽ በቅንድብ እርሳስ አገጯ ላይ አጫጭር ጭረት ወደ ታች ሳይ፤ ደፍነሽ ከቀባሽው ጥላሸት ይመስላል።
ልብሱ፦ የአባቷን ነጭ ሸሚዝ ኮሌታውን ወደ ውስጥ አጥፈሽ ስፊው፣ እጀ ጠባብ ይመስላል። ነጭ ሱሪ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ግራጫም ይሆናል። የነጠላው ጥለት ደማቅ ከሆነ ወደ ውስጥ አጥፈሽ በረጅም ስፌት ያዝ ያዝ አድርጊው። ነጠላውን ከግራ ትከሻዋ አስጀምረሽ በጀርባ በኩል በቀኝ ብብቷ ሥር አሳልፊና ግራ ትከሻዋ ላይ መልሽው፤ ቀኝ እጇ ነፃ ይሆናል። ትከሻው ላይ በመርፌ ቁልፍ ስትይዢው ሸሚዙንም አብረሽ ውጊ፣ ነጠላውን ከነጠላው ብቻ ካያያዝሽው ተያይዞ ይወርዳል።

አገሬ ሰው
ጋቢ አልብሷት፣ አለቀ።

የሺ ጥለት
ጋቢ አራት ድርብ ነው እኮ! ልጅቷ ውስጡ ትጠፋለች።

ነገረኛው
ቆይ፣ ጥያቄው «መሆን የምትፈልጊው» ነው አይደል? ጉዱ ካሣን ማን መሆን ይፈልጋል? አገር እብድ ያለው፣ ተናግሮ ተናግሮ ሰሚ ያጣ ሰው። ከዚያ መጽሐፍ የሚመረጥ ካለ አበጀ በለው ነው። ገበሬውን አስተባብሮ ፊታውራሪን የያዘ እሱ ነው።

ጥቁር ሰሌዳ
አበጀም ያስኬዳል፣ ግን ልጅቷ መርጣለች፣ በዚህ ሰዓት አትቀይሯት። ስንት ደቂቃ እንደተሰጣትና ስንተኛ ክፍል እንደሆነች አልነገርሽንም እንጂ፣ በዚህ ሥራ ነጥብ የሚያስጥለው ልብስ አይደለም።
አንደኛ፣ ልጆች ታሪኩን ይተርኩታል፦ «ጉዱ ካሣ ፊታውራሪን ይተች ነበር…»። ይህ የመጽሐፍ ማጠቃለያ ነው። መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ «እኔ ካሣ ዳምጤ» ትበል፣ እስከ መጨረሻም «እኔ» ትሁን። ሁለተኛ፣ እብድ አድርጋ እንዳትተውነው። እብድ የሚሉት ሰዎቹ ናቸው፤ እሱ የተማረ፣ የዘመኑ ሥርዓት የት ላይ እንደተበላሸ የገባው ሰው ነው። ፀጉር አንጨባርራ የጮኸች ቀን ካሣ የለም። ዝግ ብላ፣ ሰው ሊሰማው የማይፈልገውን ነገር እንደ ተራ ወሬ ትናገረው።
ለማን እንደምትናገር ደግሞ ትወስን። ለምሳሌ ገበሬዎቹ ከወትሮው በላይ አንገብርም ባሉ ጊዜ፣ ካሣ ፊታውራሪን ፊት ለፊት ቢያገኛቸው ምን ይላቸው ነበር? የመምህሩ ወንበር ፊታውራሪ ይሁን፣ እሱን እያየች ትናገር። መጨረሻ ላይ «ካሣን መሆን የፈለግሁት…» ብላ ሁለት ዓረፍተ ነገር ትጨምር፣ ለነገረኛው ጥያቄም መልሱ እዚያ ይግባ።
ድምፅ ማወፈር አያስፈልግም፣ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ጉሮሮዋ ይሻክራል። ፊት ለፊት ሲቆሙ ልጆች ይፈጥናሉና ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ሁሉ በቀይ እስኪርቢቶ ይሰመርበት። ከመተኛቷ በፊት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ካነበበው 10 ደቂቃ አሰሚያት፤ የአነጋገሩ ለዛ ጆሮዋ ውስጥ ይግባ።

ቡና ቁርስ
መምህሩ ወንበራቸው ፊታውራሪ ሆኖ ሲሰደብ ማርክ ይሰጣሉ?

ነገረኛው
አሁንም አበጀ እላለሁ።

አገሬ ሰው
ጋቢ ከከበደ ነጠላ አድርጊላት፣ ትከሻዋ ላይ ያዝ አድርጊው።

እናትዬ (ማታ 3፡35)
7ኛ ክፍል ናት፣ 3 ደቂቃ ነው። ጽሑፉን ጀምራለች። መርፌ ቁልፍ ግን ቤት ውስጥ አጣን፣ ሱቁም ተዘግቷል።

የሺ ጥለት
በነጭ ክር ስፊው። ልብሱን ለብሳ ሳለ ቦታውን በሳሙና ምልክት አድርጊ፣ ከዚያ አውልቃ ሁለት ቦታ ላይ፣ ትከሻውና ብብቱ ሥር፣ አራት አራት ጊዜ ውጊው። ጠባብ እንዳይሆን፣ በአንገቷ የሚወጣ መሆኑን ሳታዪ ክሩን አትቁረጪ።

ቡና ቁርስ (ጠዋት 5፡10)
እህሳ፣ ፊታውራሪው ምን አሉ?