የሜርስ ዝግጅት፦ ከባቲ ገበያ ይጀመር ወይስ ከሆስፒታሉ በር?

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ሰላም ለቤቱ። ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ከሌሊት ወፍ ወደ ሰው የሚሻገረው የማርበርግ ቫይረስ ሲገኝ እዚህ ስለ ሌሊት ወፍ ብቻ ስናወራ ሰነበትን። እኔን ግን ለወሎ የሚያሰጋኝ ሜርስ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ የታወቀ፣ ከግመል ወደ ሰው የሚሻገር፣ ሳንባን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። በምርመራ ከተረጋገጠባቸው ሰዎች ከመቶ 35 ያህሉ ሞተዋል፤ ክትባትም የለውም። በአገራችን ከተመረመሩ ግመሎች በአብዛኞቹ ደም ውስጥ ቫይረሱ ማለፉን የሚያሳይ ምልክት ተገኝቷል። ባቲ ደግሞ በየሰኞው ከአፋር የሚመጣ ግመል ይሸጥባታል። ቫይረሱን በብዛት የሚያወጡት ግልገሎቹ ናቸውና ገበያው ላይ የአፍንጫ ናሙና በየጊዜው ይወሰድ ባይ ነኝ።

የባቲው ነጋዴ፦ ዶክተር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። አፋር ወንድማችን ከግመሉ ጋር አድሮ፣ ወተቱን በጥሬው ጠጥቶ ነው ያደገው፤ በዚህ በሽታ ተያዘ ሲባል አልሰማሁም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው የግመል አፍንጫ ሲነካ የታየ ዕለት ደላላው ዋጋውን ይሰብረዋል። በሳምንቱ ግመሉ በሌላ መንገድ ያልፋል። ያኔ ምኑን ሊመረምሩ ነው?

ነርሷ ከደሴ፦ ወንድሜ ያሉት እውነት አለው፤ ሕመምተኛው በብዛት የተመዘገበው ዓረብ አገር ነው። ግን የወሎ ልጅ የት ነው ያለው? በ2015 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው ከመካከለኛው ምሥራቅ ይዞት ደቡብ ኮሪያ ገባ፤ 186 ሰው ታመመ፣ 38 ሞተ። ግመል አይደለም ያዛመተው፣ የሆስፒታል ወረፋ ነው! እኛም ጋ የሚያስለው፣ ነፍሰ ጡሯና አስታማሚው አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት። ትኩሳትና ሳል ያለበትን «ከየት መጣህ? ከግመል ጋር ነበርክ?» ብሎ ማስክ ሰጥቶ ለብቻው የሚያስቀምጥ ሰው በሩ ላይ ይቁም። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከወልዲያ፦ ወባ እየጨረሰን ስለ ግመል?

ነርሷ፦ በር ላይ የሚቆመው ሰው እኮ ወባውንም ይለያል።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ሲስተር፣ የበሩ ይቅደም። ግን የእንስሳት ላቦራቶሪው ኮምቦልቻ፣ የሰው ደሴ ነው፤ በሚኒባስ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ኮምቦልቻ የተገኘውን ደሴ በዚያው ቀን ካልሰማ ናሙናው ምን ይፈይዳል? መገናኘቱ ዛሬ ይጀመር። ናሙናውም ገበያ መሀል መሆኑ ይቅር፤ ባለቤቱ ፈቅዶ፣ እዚያው መንደሩ ይወሰድ። ግመሉ ንፍጥ ቢጤ ይታይበትና ይድናል፤ የሚታረድበት ምክንያት የለም።

የባቲው ነጋዴ፦ እንዲህ ከሆነ እንነጋገራለን። ግን ቫይረሱ የተገኘበት ግመል እንደማይወረስ፣ ገበያውም እንደማይዘጋ በጽሑፍ ይሰጠን። ፈራሚው ማነው፣ ጤና ነው ግብርና?

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። አንዱ ብቻ ከፈረመ እኔም አልቀበለውም።