ማሽኑን ብንወስድበት ዘፈኑ ይቀራል ወይ?

የኤፍ ስትሪቱ፦
ሰላም ወገኖቼ። ሐሙስ ማታ እዚሁ ዋሽንግተን፣ ስልሳ ሰው ቢገባ የሚጨናነቅ ክለብ ውስጥ የ80ዎቹን የኒው ዌቭ ዘፈኖች (ያኔ በኤሌክትሮኒክ ማሽን ይሠራ የነበረውን ፖፕ ማለቴ ነው) በአንድ ጊታርና በአንድ ቼሎ ሲጫወቱ ሰምቼ መጣሁ። ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥረው ሲንተሳይዘር የለ፣ በራሱ ከበሮ የሚመታው ድራም ማሽን የለ። ታዳሚው በጣም ወደደው። እኔ ግን ቅር ብሎኝ ነው የወጣሁት። ክለቦቹ ይህን ያለ ማሽን የሚጫወቱበትን የአኩስቲክ ምሽት እየደጋገሙ ማዘጋጀት ይዘዋልና ልጠይቃችሁ፤ ዘፈኖቹን እያከበርናቸው ነው ወይስ እያፈረስናቸው?

የኔን አቋም ላስቀድም፤ እያፈረስናቸው ነው። የእንግሊዙን ባንድ የኒው ኦርደርን «ብሉ መንደይ» ውሰዱ፣ የ1983 ዘፈን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። ከሰባት ደቂቃ በላይ ይረዝማል። ድምፃዊው አፉን የሚከፍተው ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው፤ እስከዚያ የሚናገረው ማሽኑ ነው። ያ በር እንደሚደበድብ ሰው የሚመታው ከበሮ ኦበርሃይም ዲኤምኤክስ ከሚባል ድራም ማሽን የወጣ ነው። ሐሙስ ዕለት ልጁ ጊታሩን ይዞ ቀጥታ ወደ ግጥሙ ገባ። ሁለቱን ደቂቃ ዘለላቸው! የቀረው የአንድ የተከፋ ሰው እንጉርጉሮ ነው። የዘፈኑ ሕመም እኮ ሰውየው ደንዝዞ ሲናገር ከበሮው ምንም ሳይመስለው መቀጠሉ ላይ ነው።

ባለጊታሯ፦
ጋሼ፣ ሐሙስ የተጫወትኩት እኔ አይደለሁም እንጂ እኔም እንዲህ ያለ ምሽት ላይ እጫወታለሁ፤ ስለዚህ ነገሩ ይመለከተኛል። የዴፔሽ ሞድ ባንድን «ኤንጆይ ዘ ሳይለንስ» ያውቁታል፣ 1990። የዘፈኑ ደራሲ ማርቲን ጎር መጀመሪያ ለባንድ ጓደኞቹ ያሰማቸው በሃርሞኒየም (በአየር በምትሠራ ትንሽ ኦርጋን) ብቻ የታጀበ፣ ዝግ ያለ ዘፈን ነበር። እናፍጥነው ያለው የባንዱ ጓደኛው አለን ዋይልደር ነው። ታዲያ እኔ በጊታር ዝግ አድርጌ ስጫወተው አፈረስኩት ወይስ ወደተወለደበት ቤት መለስኩት?

«ማድ ወርልድን»ም እዩ። ቲርስ ፎር ፊርስ በ1982 ሲያወጡት እንግሊዝ ውስጥ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ። ጋሪ ጁልስና ማይክል አንድሩስ በፒያኖ፣ እንደ ሹክሹክታ አድርገው የሠሩት ግን በ2003 የገና ሰሞን አንደኛ ወጣ። ሰው ሃያ ዓመት ሲጨፍርበት የኖረው ግጥም ምን እንደሚል የገባው ያኔ ይመስለኛል።

የኤፍ ስትሪቱ፦
እህቴ፣ እኔንም የሚያሳዝነኝ እሱው ነው። እየጨፈሩ ማዘን! አገር ቤት ሙሽራ ስትሸኝ እናቷ እያለቀሰች ታጨበጭብ የለ? ጭብጨባውን አስቁመሽ ልቅሶውን ብቻ ብታስቀሪው ሰርግ ይሆናል? ቲርስ ፎር ፊርስ ያንን ግጥም በዚያ ምት ላይ ያስቀመጡት ወደው ነው። የፒያኖው ግን «እዚህ ጋ እዘኑ» ብሎ በእጅ ይጠቁመኛል።

ባለኦርጋኑ፦
አንድ ነገር ልጨምር። እኔ አዲስ አበባ ሰርግ ላይ ኦርጋን ስጫወት የኖርኩ ሰው ነኝ። ሳክስፎኑም፣ ትራምፔቱም፣ ከበሮውም ቀርቶ አንድ ሰው በአንድ ኦርጋን ሰርጉን ሁሉ ሲይዘው «ሙዚቃውን ገደላችሁት» እየተባልን ተሰድበናል። ያ ስድብ እስከ ዛሬ ያመኛል። ኦርጋን ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን አስቡ። በ1985 እዚሁ ዋሽንግተን ብቻውን ተቀምጦ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን አዋህዶ የድሮዎቹን ዜማዎች ቀዳ፤ «ሸሞንሟናዬ» ያለበት ካሴት ማለቴ ነው። በ2013 እንደገና ሲወጣ የውጭው ዓለም ጉድ አለ። ከክራርና ከአኮርዲዮን ወደ ማሽን መሄድ ኃጢአት ካልሆነ፣ ወንድሜ፣ ከማሽን ወደ ክራር መመለስ በምን ሒሳብ ኃጢአት ይሆናል?

ከለንደን፦
ጋሼ ባለኦርጋኑ እውነት ብለዋል። ኒው ዌቭ ራሱ ብዙ ጊዜ የሰው ዘፈን ወስዷል። ሶፍት ሴል በ1981 እዚህ አንደኛ የወጡበት «ቴይንትድ ላቭ» የግሎሪያ ጆንስ የ1965 ዘፈን ነው። የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎቹንና ከበሮውን አውጥተው ማሽን አስገቡበት። ያኔ ማንም አፈረሳችሁ ብሎ አልከሰሳቸውም፤ የከሰሳቸውም ከነበረ ዛሬ ማንም አያስታውሰውም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጊታር ለትንሽ ክለብ ርካሽ ነው፤ ከበሮ መትከል የለ፣ ጎረቤት አይጮህም፣ ዘፈኑንም ሰው ያውቀዋል። ደራሲዎቹም ክለቡ ለአስካፕና ለቢኤምአይ (ለዘፈን ደራሲዎች ክፍያ ለሚሰበስቡት ድርጅቶች) ከሚከፍለው የፈቃድ ገንዘብ ድርሻ አላቸው፣ አልተጎዱም። የራሱን አዲስ ዘፈን ይዞ የሚመጣው ልጅ ግን የትኛው ምሽት ይደርሰዋል? እኔ የራሴን ሥራ ይዤ ሦስት ቦታ ጠይቄ «የታወቀ ነገር ብትጫወቺ» ተብዬ ተመልሻለሁ። ይሄም ይታሰብበት።

ባለጊታሯ፦
እውነትሽን ነው፤ እኔም የራሴን በመሃል እየሰነቀርኩ ነው የምጫወተው።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ስምዎን ያወጡት ከድሮው ናይን ተርቲ ክለብ ነው አይደል? 930 ኤፍ ስትሪት፣ 199 ሰው ብቻ ይፈቀድለት የነበረው። ግንቦት 31 ቀን 1980 ሲከፈት ከተጫወቱት አንዱ ታይኒ ዴስክ ዩኒት የሚባል ባንድ ነበር። የሲንተሳይዘር ተጫዋቹ ቦብ ቦይለን ነው። በ2008 ኤንፒአር በሚባለው የአሜሪካ ሬዲዮ ውስጥ ከጽሕፈት ጠረጴዛው ኋላ ዘፋኞችን ያለ ብዙ መሣሪያ ማስጫወት የጀመረው እሱው ነው፤ ታይኒ ዴስክ ኮንሰርት የሚለው ስምም የዚያ ባንድ ስም ነው። ያን ቀን ማሽኑን የነካው እጅ እኮ ነው ወደዚህ ያመጣን።

የኤፍ ስትሪቱ፦
ይሄን አላውቅም ነበር። አዎ፣ ስሙን ያወጣሁት ከዚያ ቤት ነው። በ1984 አገሩ አዲስ ሆኖብኝ፣ ቋንቋው ገና ሳይገባኝ፣ ከሥራ ወጥቼ የምገባበት ነበር። ግጥሙን አልሰማውም። የሚገባኝ ምቱ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው ማሽኑ ሲወሰድ የኔን ድርሻ የወሰዱብኝ ያህል የሚሰማኝ።

ስለ «ኤንጆይ ዘ ሳይለንስ» ረትተሽኛል፤ ዜማው ብቻውን ይቆማል። በ«ብሉ መንደይ» ግን አልሰጥም። የኒው ኦርደሯ ጊሊያን ጊልበርት ኖታውን አንድ በአንድ በወረቀት ላይ ጽፋ ወደ ማሽኑ ስታስገባ አንዷ ቀርታባት ዜማው ከምቱ ትንሽ ዝንፍ ብሏል። ማሽን የሚባለው ውስጥ እንኳ የሰው እጅ ስህተት አለ። ጊታር ላይ ያ ከየት ይመጣል? ልትጫወቺው ካሰብሽ ቢያንስ ሁለቱን ደቂቃ አትዝለይብኝ። ጊታርሽን በመዳፍሽ ምቺው፣ ሰው ይጠብቅ፣ ይሰልች፣ ከዚያ ግቢ።

ባለጊታሯ፦
እሺ ጋሼ። በመዳፍ ሁለት ደቂቃ ከባድ ነው፣ ግን እሞክረዋለሁ፤ ቼሎውንም በቀስት ሳይሆን በጣት እናስመታዋለን። የጎደለችዋን ኖታ እንዴት እንደማጎድላት ነው ግራ የገባኝ። ባለኦርጋኑ ጋሼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነዎት? ኦርጋኑ ላይ ያሳዩኝ።

ባለኦርጋኑ፦
ነይ። ቡና እናፈላለን።