አዲሱ ሲስተም ገባ፣ ሥራው ግን ቴሌግራም ላይ ቀረ

ጥያቄ፦ የዋርድ ኃላፊ

ሰላም ለሁላችሁ። የውስጥ ደዌ ዋርድ ኃላፊ ነርስ ነኝ። ሆስፒታላችን ከስምንት ወር በፊት የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ አስገብቷል። የሠራተኞች መልእክት መለዋወጫም አብሮት አለ። ሁለት ቀን ሠለጠንን፣ ሰርተፍኬት ተቀበልን፣ ፎቶ ተነሳን። በሳምንቱ ሁሉም ወደ ቴሌግራም ግሩፑ ተመለሰ። መዝገቡንም መጀመሪያ በወረቀት እንጽፍና ማታ ወደ ኮምፒውተር እንገለብጣለን። ሥራ ያቀላል የተባለው ሥራ ጨመረብን።

ባለፈው ሳምንት የሆነው ግን አስደንግጦኛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ላብራቶሪ የአንድ ታካሚ ፖታሲየም 6.8 መሆኑን፣ ለልብ አደገኛ የሆነ ውጤት፣ ግሩፑ ላይ ለጠፈ። በዚያው ሰዓት አንዷ ባልደረባችን መውለዷ ተሰምቶ የደስታ መልእክት ይጎርፍ ነበር። ውጤቱ በአበባና በልብ ምስሎች ተቀበረ። ተረኛዋ ነርስ ያየችው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው። ደግነቱ ታካሚው ተርፏል።

አለቆቼ "ቴሌግራም ይከልከል" እያሉ ነው። በዚህ ብቻ የሚስተካከል አልመሰለኝም። እናንተ ጋ ምን ሠራ?

መልስ፦ ሰርቨር ጠባቂ

የአይቲ ሰው ነኝ። ከመከልከላችሁ በፊት ሰዓት ያዙ። አንዲት ነርስ ከታካሚው አጠገብ ተነስታ፣ ነፃ ኮምፒውተር ፈልጋ፣ ሎግ ኢን አድርጋ አንድ መልእክት እስክትልክ ምን ያህል ይፈጃል? እኔ አንድ ቀን ዋርድ ቆሜ ለካሁ። ሦስት ደቂቃ አለፈ። ቴሌግራም ግን ኪሷ ውስጥ ነው።

ሌላም ነገር አየሁ። ፓስዋርድ በየወሩ እናስቀይር ነበር። ሰዉ ሰለቸውና አንዱ በከፈተው ሁሉም መሥራት ጀመረ። ፓስዋርዱ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተለጥፏል፤ ያውም በቁስል ፕላስተር! "ሠራተኛው ቴክኖሎጂ አይወድም" የሚል ሪፖርት ልጽፍ ነበር፣ አፈርኩ። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እንኳ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓስዋርድን ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየርን አይመክርም። እኛም አስቀረነው። የመታወቂያ ካርድ አስነክቶ መግባት የሚቻልበትን አሠራር አስገባን። ሁለት ታብሌት ኮምፒውተርም ጨመርን። ከሥልጠናው ይልቅ ሰዉን የመለሰው ይሄ ነው።

መልስ፦ ጥራት ክፍል

እኔ ግን ከአለቆችሽ ጋር በግማሽ እስማማለሁ፣ እህቴ። የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው የተቆለፈ) አይደለም። ከጽሑፍ መልእክቶቹ ያ ያለው በሁለት ሰዎች መካከል በሚደረገው ሚስጥራዊ ቻት ላይ ብቻ ነው። የታካሚ ስም ከነውጤቱ በየሰዉ የግል ስልክ ተበትኗል ማለት ነው። ስልኩ ሲጠፋስ? ልጆች ሲጫወቱበትስ? እስቲ ዛሬ የግሩፑን አባላት ዝርዝር ክፈቺና ተመልከቺ። እኛ ስንከፍት ሥራ ከለቀቁ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ቁጭ ብለው የታካሚ ውጤት ያነባሉ።

ክልከላው ግን መጨረሻ ላይ ይምጣ። መተኪያው ሳይሠራ ከከለከላችሁ ሌላ ግሩፕ ይከፈታል፣ እናንተ ብቻ አትኖሩበትም።

መልስ፦ ተጠሪ ሐኪም

ሲስተር፣ ሁለት ነገር የተቀላቀለ መሰለኝ። 6.8 ፖታሲየም በየትኛውም መልእክት መላክ የለበትም፤ በቴሌግራምም፣ በአዲሱ ሲስተምም። ልብ ሊያቆም የሚችል ቁጥር ነው። ላብራቶሪው ይደውላል። ተቀባዩ የታካሚውን ስምና ቁጥሩን መልሶ ያነባል። ማን እንደተቀበለና በስንት ሰዓት እንደሆነ ይመዘገባል። ስልክ ካልተነሳ ቀጥሎ ለማን እንደሚደወል አስቀድሞ ይጻፋል። ይህ ሶፍትዌር ሳይገዛ ነገ ጠዋት የሚጀመር ነው። ከላብራቶሪው ኃላፊ ጋር ተቀምጣችሁ የትኞቹ ውጤቶች በስልክ እንደሚነገሩ ዝርዝር አውጡ። ዝርዝሩ አጭር ይሁን፤ ለሁሉም ነገር ከተደወለ ስልኩን የሚያነሳ አይኖርም።

ስለ ሲስተሙ ደግሞ አንድ ታሪክ። ሎስ አንጀለስ ያለው ሴዳርስ ሳይናይ ትልቅ ሆስፒታል ነው፣ ገንዘብ አልቸገረውም። በ2002 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሐኪሞች በኮምፒውተር ብቻ እንዲያዝዙ አደረገ። ድሮ አንድ ሐኪም በእጁ ጫር አድርጎ የሚጨርሰው ትእዛዝ ደቂቃዎች ይፈጅ ጀመር። ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያም በዛ። ሐኪሞቹ አመፁ፤ በ2003 መጀመሪያ ሲስተሙ ቆመ። ስለዚህ ሰው እምቢ ሲል መጀመሪያ እምቢ ያለበትን ስክሪን እዩት።

መልስ፦ የሌሊት ተረኛ

እኛንም ያቃጠለን ያ ድርብ ጽሑፍ ነው። በወረቀት ጻፍ፣ ደግሞ ገልብጥ! ማንም ሰው ይህን ለወር አይችልም። እኛ ጋ የሠራው፣ አንድ ቅጽ ብቻ መርጠን (የሙቀት፣ የግፊትና የትንፋሽ መከታተያውን) ወረቀቱ የሚነሳበትን ቀን ቆረጥን። ቀኑ ሲደርስ በእውነት ተነሳ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሄድን።

ሁለተኛ፣ ሜትሮኗ (የነርሶቹ ሁሉ ኃላፊ) ራሷ የተረኛ ርክክብን ከስክሪኑ ላይ ካልሆነ አልቀበልም አለች። ባለጌ አይደለችም፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች። መጀመሪያ ተናደድን፣ ኋላ ለመድነው። ርክክቡም ቅርጽ ያዘ፦ አሁን ያለበት ሁኔታ፣ የኋላ ታሪኩ፣ እኔ የማስበው፣ ከአንተ የምፈልገው። ኤስባር የሚሉት ነው፤ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች የመጣ ነው ይላሉ።

ሌላው፣ አውራ ጣት መለጠፍ ይቅር። አውራ ጣት "አየሁ" ነው ወይስ "እኔ ሄጃለሁ"? እኛ "ይዤዋለሁ" ብሎ ያልጻፈ ሰው አልያዘውም ብለን ተስማማን።

መልስ፦ ሰርቨር ጠባቂ

ወረቀቱን ስታነሱ ግን ጨርሳችሁ አትጣሉት። በ2021 እ.ኤ.አ. የአየርላንድ የጤና አገልግሎት በሳይበር ጥቃት ሲስተሞቹን ሲዘጋ ሆስፒታሎቹ ወደ ወረቀት ነው የተመለሱት። በየዋርዱ የታሸገ ሳጥን ይኑር፦ ባዶ ቅጾች፣ እስክሪብቶ፣ የስልክ ዝርዝር። ሲስተሙ ሲመለስ ወረቀት ላይ ያለውን ማን እንደሚያስገባም አሁኑኑ ወስኑ። እኛ አልወሰንንም ነበርና ሁሉም "የዚያኛው ተረኛ ነው" ሲል ሁለት ቀን ቆየ።

ጠያቂዋ ከአንድ ወር በኋላ፦ የዋርድ ኃላፊ

እግዜር ይስጥልኝ። ከላብራቶሪ ጋር የስልክ ዝርዝሩን ጨረስን፣ አሥራ አንድ ውጤት ብቻ ነው። ከግሩፑም የለቀቁትን አስወጣን፤ አንዱ "ምነው?" ብሎ ደወለልኝ። ግሩፑ አለ፣ ግን ለወሬና ለደስታ ብቻ፤ የታካሚ ነገር አይጻፍበትም። የመከታተያው ወረቀት ሰኞ ይነሳል። ታብሌት ጠይቄ "በጀት" ተብያለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ስፔሻሊስቶቹ ትእዛዝ በወረቀት ጽፈው ፎቶውን በግል ስልኬ ይልኩና "ሲስተር አንቺው አስገቢልኝ" ይላሉ። ምን ልበል?

መልስ፦ ተጠሪ ሐኪም

አያስገቡ። በእርስዎ ስም ከተገባ መዝገቡ ላይ ያዘዙት እርስዎ ይሆናሉ። ድንገተኛ ከሆነ በቃል ይቀበሉ፣ መልሰው ያንብቡለት፣ የቃል ትእዛዝ መሆኑንና የአዛዡን ስም ይመዝግቡ። ድንገተኛ ካልሆነ "ዶክተር፣ ሲስተሙ ላይ ይዘዙልኝ፣ እጠብቃለሁ" ይበሉ። እኔንም ያስለመደችኝ እንዲህ ያለችኝ ነርስ ናት። ሁለት ሳምንት አኩርፌያት ነበር።