ኒዮስቲግሚን የቬኩሮኒየምን ሥራ ይቀለብሳል፤ የሳክሲኒልኮሊንን ግን ለምን ያራዝማል?

ተማሪው_3ኛ_ዓመት
ሰላም ለቤቱ። አንስቴዚያ ነው የማጠናው። ፈተና ደርሷል፣ አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ ብሏል። ሳክስም (ሳክሲኒልኮሊን ማለቴ ነው) ቬኩሮኒየምም ለኦፕራሲዮን ጡንቻን ሽባ የምናደርግባቸው መድኃኒቶች ናቸው። የሚሠሩት ነርቭና ጡንቻ በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ያውም በአንድ ዓይነት ተቀባይ ላይ (የነርቩ መልእክተኛ አሴቲልኮሊን የሚያርፍበት)። ኦፕራሲዮኑ ሲያልቅ ቬኩሮኒየሙን በኒዮስቲግሚን እንቀለብሳለን። ሳክስ ላይ ብትሰጠው ግን ሽባነቱ ይረዝማል ይሉናል። «ዲፖላራይዚንግ (የጡንቻውን ሽፋን በኤሌክትሪክ የሚያነቃ) ስለሆነ ነው» የሚለውን መልስ ሸምድጄዋለሁ፤ ገብቶኝ ግን አይደለም። በዚያው ላይ ደግሞ፦ ለወገብ ሕመም የሚታዘዙት ጡንቻ የሚያላሉ ክኒኖች የእነዚህ ዘመዶች ናቸው?

ፋርማሲስቷ
ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። ዘመድ አይደሉም። ባክሎፌን የሚሠራው ሕብለ ሰረሰር ውስጥ፣ ጋባ-ቢ በሚባል ተቀባይ ላይ ነው፤ ነርቭን የሚያረጋጋው ጋባ የሚያርፍበት ማለት ነው። ቲዛኒዲን አልፋ-2 በሚባል ሌላ ተቀባይ ላይ። ዳያዜፓም የጋባን ሥራ ያጎላል። ሁሉም የሚነኩት ለጡንቻው ትእዛዝ የሚልከውን ክፍል ነው፤ መገናኛው ጋ አይደርሱም። የወሰዳቸውን ሰው እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለውም ለዚህ ነው። ለየት የሚለው ዳንትሮሊን ነው፦ ጡንቻው ውስጥ ካልሲየም ከማከማቻው እንዳይወጣ ያግዳል። ሳክስ ወይም የሚተነፈስ ማደንዘዣ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ (ሰውነትን በአደገኛ ሁኔታ የሚያግል ምላሽ) ሲቀሰቅስ የሚሰጠው እሱ ነው።

የማታ_ተረኛ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ኒዮስቲግሚን ምን እንደሚሠራ እንስማማ። ቬኩሮኒየምን አያጠፋም። ከተቀባዩ ጎትቶም አያወጣውም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ አሴቲልኮሊንን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያስራል። ያኔ አሴቲልኮሊን ይጠራቀማል።

ቬኩሮኒየም ወንበር ይዞ ሥራ እንደማይሠራ ሰው ነው። ተቀባዩ ላይ ይቀመጣል፣ ቻናሉን (ተቀባዩ ውስጥ ያለውን በር) ግን አይከፍትም። አሴቲልኮሊን ሲበዛ በቁጥር ይበልጠውና ቦታውን ይረከባል። ጡንቻውም ይመለሳል።

ሳክስ ግን ሁለት አሴቲልኮሊን የተጣበቁበት ሞለኪውል ነው። ተቀምጦ ቻናሉን ይከፍታል። ታካሚው ከመዝለፍለፉ በፊት ጡንቻው ርግብ ርግብ ሲል ያየኸው እሱን ነው። ችግሩ፣ መገናኛው ላይ ያለው ኢንዛይም ሳክስን አይሰብረውም። ሽፋኑ ዲፖላራይዝ እንደሆነ ይቀራል፤ በአካባቢው ያሉት የሶዲየም ቻናሎችም ተዘግተው ሌላ ትእዛዝ አይቀበሉም። እዚህ ላይ አሴቲልኮሊን ብትጨምር የተከፈተውን ለመክፈት መታገል ነው።

ሌላም አለ፤ ብዙ ተማሪ የሚዘለው ይሄኛውን ነው። ሳክስን የሚሰብረው ደም ውስጥ ያለው ፕላዝማ ኮሊንኤስትሬዝ ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ የሚለቀው በእሱ ጉልበት ነው። ኒዮስቲግሚን ይህንንም ያስረዋል። መድኃኒቱ የሚወገድበትን በር በገዛ እጅህ ዘጋህ ማለት ነው።

ኢንዛይሙ በዘር የተበላሸበት ሰው ላይ ሳክስ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ያኔ ቬንቲሌተር ላይ አቆይተህ ትጠብቃለህ። ማደንዘዣውንም አትቁረጥ! በ1947 ስኮት ስሚዝ የተባለ ሐኪም ያለ ማደንዘዣ ኩራሬ (እንደ ቬኩሮኒየም ሽባ የሚያደርግ መድኃኒት) በራሱ ላይ አስወጋ። መተንፈስ እስኪያቅተው ድረስ ሽባ ሆነ። አእምሮው ግን እስከ መጨረሻው ንቁ ነበር፤ ሕመምም ይሰማው ነበር። የማይንቀሳቀስ ታካሚ ሁሉ ተኝቷል ብሎ የሚያስብ ባለሙያ ባየሁ ቁጥር ይሄ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ተማሪው_3ኛ_ዓመት
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ታዲያ ቬኩሮኒየሙ ገና ጠንክሮ ካለ የኒዮስቲግሚኑን ዶዝ መጨመር ነዋ?

የማታ_ተረኛ
አይሆንም። ኢንዛይሙ በሙሉ ከታሰረ በኋላ የምትጨምረው የሚያስረው የለም። ከፍተኛው ዶዝ በኪሎ 70 ማይክሮግራም ነው፤ በጠቅላላው ከ5 ሚሊግራም አይለፍ። ሰዓት አይቶ «40 ደቂቃ አለፈ፣ ስጠው» የሚል የሥራ ባልደረባ አለኝ። እኔ አልስማማም። ሰው ከሰው ይለያያል፤ ማግኒዥየም ወይም ጄንታማይሲን (አንቲባዮቲክ) ከተሰጠ ደግሞ ጭራሽ ይረዝማል። ነርቭ ማነቃቂያውን ለጥፍ፤ በ2 ሰከንድ ውስጥ 4 የኤሌክትሪክ ምት ይሰጣል። ጡንቻው ለአራቱም ሲንቀሳቀስ ኒዮስቲግሚን ስጥ። የመተንፈሻ ቲዩቡን የምታወጣው ግን የአራተኛው እንቅስቃሴ ጉልበት ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር 0.9 ሲደርስ ነው። ይሄ በዓይን አይለካም፣ የሚለካ መሣሪያ ይፈልጋል። «ጭንቅላትህን ለ5 ሰከንድ አንሳ» በሚለው ፈተናም አትታለል፤ አንስቶም በቂ ጉልበት የሌለው ሞልቷል። ልብ እንዳይዘገይና ምራቅ እንዳይበዛ ደግሞ አትሮፒን ወይም ግላይኮፒሮሌት አብረህ ስጥ።

ጥልቅ ብሎክ (ሽባነት) የሚያነሳው ሱጋማዴክስ ነው። እሱ ኢንዛይም አይነካም። ሮኩሮኒየምን (የቬኩሮኒየም ዘመድ ነው) ወይም ቬኩሮኒየምን ራሱን ውጦ ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። ለሳክስና አትራኩሪየም ለሚባለው ሌላ ሽባ አድራጊ ግን አይሠራም።

አይሲዩ_ነርስ
ሳክስ ከተነሳ አይቀር፦ ጤነኛ ሰው ላይ የደም ፖታሲየምን በሊትር በ0.5 ሚሊሞል ገደማ ነው የሚጨምረው። ከባድ ቃጠሎ ከደረሰበት ቀናት ያለፉት፣ ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ወይም ለረጅም ጊዜ ተኝቶ የቆየ ሰው ላይ ግን ልብ ሊያቆም ይችላል። ተቀባዮቹ ከመገናኛው ውጭ በጡንቻው ሁሉ ስለሚበቅሉ ነው። እኛ ጋ ማንም ሳክስ ሳያነሳ በፊት «ስንት ቀን ተኛ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ሬዚደንቱ
ጋሼ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሳክስ ተደጋግሞ ወይም በብዛት ከተሰጠ ፌዝ 2 ብሎክ የሚባል ሁለተኛ ዓይነት ሽባነት ይመጣል። ጡንቻው ለነርቭ ማነቃቂያው የሚሰጠው ምላሽ ከምት ወደ ምት እየደከመ ይሄዳል፣ እንደ ቬኩሮኒየም ማለት ነው። ያኔ ኒዮስቲግሚን አንዳንዴ ይሠራል።

የማታ_ተረኛ
ልክ ነህ፣ ፈተና ላይ ይጻፈው። ታካሚ ላይ ግን ደም ውስጥ የቀረ ሳክስ ካለ ኒዮስቲግሚኑ ኢንዛይሙን አስሮ ያቆይብሃል። እኔ ቬንቲሌተሩ ላይ አቆየዋለሁ።