ከሞረድ የሠራሁት መሮ ጫፉ ረገፈብኝ

የለገሃሬ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ድሬዳዋ ባቡር ወርክሾፕ ነበር የሠራው። አንድ ሳጥን ሙሉ ያለቀ ሞረድ ትቶልኛል። ከአንዱ የእንጨት መሮ ላውጣ ብዬ ጫፉን በግራይንደር ሳልኩት፣ እጀታ ገጠምኩለት። ዋንዛ ላይ ሁለቴ በመዶሻ ብለው ጫፉ እርግፍ አለ። የተሰበረው ቦታ ግራጫ ነው፣ ደቀቅ ያለ ስኳር ይመስላል። ብረቱ አርጅቶ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያጠፋሁት?

ወናፍ፦ አቦ፣ ብረት ምን ያረጃል! ሞረድ ሌላ ብረት እንዲበላ ተብሎ በጣም የጠነከረ ነው። ካርቦኑ 1 በመቶ ገደማ ነው፣ ፌሮ አጠገቡ አይደርስም። እንዲህ የጠነከረ ብረት ግን ዱላ አይችልም። መጀመሪያ አለስልሰው። ከሰል ላይ አቅላው፤ ማግኔት አልይዝ ሲለው (770 ዲግሪ አካባቢ) አመድ ውስጥ ቅበረውና እስከ ጠዋት አትንካው። ሲመሽ ነው የሚሠራው፤ በድሬ ፀሐይ ቅላቱ ስለማይታይ ብረቱን ታቃጥለዋለህ።

ጠዋት ጥርሱን ሙልጭ አድርገህ አንሳ፣ ቅርጹን አውጣ። ከዚያ የስለቱን በኩል እንደገና አቅልተህ ሞቅ ያለ የምግብ ዘይት ውስጥ ቀጥ አድርገህ ንከረው። በጎኑ ከገባ ይጣመማል። ዘይቱ እሳት ሊይዝ ስለሚችል የብረት ጣሳ ይሁን፣ ክዳኑም አጠገብህ ይኑር።

የሐረሩ አናጢ፦ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ይላል። ከዘይት የወጣው እኮ ተመልሶ ተሰባሪ ሆኗል! በብርጭቆ ወረቀት አብርተህ ኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አስቀምጠው፣ በአክንባሎ ክደነው፣ እየከፈትክ ቀለሙን እይ። መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፣ ቀጥሎ ቡኒ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ። ለመሮ ጠቆር ያለው ገለባ፣ 230 ዲግሪ ገደማ፣ ይበቃል። ሰማያዊ ከሆነ አልፎበታል፣ ስለት አይዝም። እኔ የምሠራው ባለቤቴ ገበያ ስትወጣ ነው። አንዴ እንጀራው ዘይት ዘይት ሸቶ ተይዣለሁ።

ሞላ ቤት፦ ሁሉም ሞረድ አይሆንም። ርካሹ ላይ ላዩን ብቻ ጠንክሮ ሆዱ ተራ ብረት ሊሆን ይችላል። ላዩን አልፈህ ሆዱን ግራይንደር አስነካው፤ ብልጭታው እንደ ርችት ከተበተነ ጥሩ ነው፣ ረጅም መስመር ብቻ ካወጣ ተወው። መነፅር ሳታደርግ ግን እንዳትሞክረው!

የለገሃሬ ልጅ፦ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ዘይት ውስጥ «ጠቅ» አለ። ሳወጣው ፀጉር የምታክል ስንጥቅ፣ ያውም ካልነሳችው ጥርስ ሥር! ሁለተኛውን አንድም ጥርስ ሳላስቀር ሠራሁት፣ ቀለሙንም ጠበቅኩ። ዛሬ ዋንዛውን እንደ ሽንኩርት እየላጠልኝ ነው፣ ጫፉም አልተነካ። አሁን የቀረው የምጣዱ ጉዳይ ነው። እናቴ ይሄ ምን ሸተተ እያለች ቤቱን እየዞረች ነው።