ጋዙ ግፊት አለው፣ ግን አይነድም

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የባዮጋዝ ማብላያዬ (እበት ተብላልቶ የሚነድ ጋዝ የሚሰጥበት ጉድጓድ) ከመሬት በታች የተገነባ ባለ ዶም (ባለ ጉልላት) ነው፤ 6 ሜትር ኩብ ይይዛል። እበትና ውሃ እኩል በእኩል ተበጥብጦ ከተሞላ 18 ቀን ሆኖታል፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ 60 ኪሎ እበት በየዕለቱ ይጨመራል። የግፊት መለኪያው 60 ሴንቲ ሜትር ውሃ ያሳያል። ምድጃው ላይ ክብሪት ሲጫር ግን ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ምን ይደረግ?

መልስ 1፦
መለኪያው የሚነግርህ ጋዝ መኖሩን እንጂ ሚቴን፣ ማለትም የሚነደው ጋዝ፣ መሆኑን አይደለም። መጀመሪያ የሚጠራቀመው በአብዛኛው አየርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሚቴኑ ግማሽ ያህል እስኪሆን ነበልባሉ አይጸናም። ስለዚህ ግፊቱ ዜሮ እስኪቀርብ ወደ ውጭ አስተንፍሰው፤ ሲሞላ ደግመው። በዚያን ሰዓት እሳትም ሲጋራም በአካባቢው አይኑር። ሙከራው ምድጃው ላይ ብቻ ይሁን፤ ከማብላያው በሚወጣው ቧንቧ አፍ ላይ በጭራሽ እንዳትለኩስ! ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል።

መልስ 2፦
እኔን ያሳሰበኝ 60 ኪሎው ነው። አሲድ የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች ፈጣን ናቸው፤ አሲዱን ወደ ሚቴን የሚለውጡት ግን ቀስ ብለው ነው የሚራቡት። ገና ሳይበዙ ከተጫነባቸው ጉድጓዱ ይኮመጥጣል። የሚወጣው ዝቃጭ ኮምጣጣ ይሸታል? የአሲድ መጠን በሚያሳይ የፒኤች ወረቀት ለካው። ደህናው ከ6.8 እስከ 7.5 ነው፤ ከዚያ ካነሰ ኮምጥጧል። በአንቲባዮቲክ የታከመች ላም እበትና የሳሙና እጣቢም እንዳይገባ፤ ባክቴሪያዎቹን ይገድላሉ።

ጠያቂ፦
ይሸታል። ወረቀቱ 6.2 አሳየ።

መልስ 2፦
እንግዲያው መጨመሩን ዛሬውኑ አቁም። በደንብ ከሚሠራ ሌላ ማብላያ የወጣ ትኩስ ዝቃጭ 2 ወይም 3 በርሜል ብታስገባ የተሻለ መድኃኒት የለውም። ኖራ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ በውሃ ተበጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ፣ በየጊዜው እየለካህ። ልኬቱ ወደ 7 ሲመለስና ጋዙ ሲነድ በ15 ኪሎ እበትና በ15 ሊትር ውሃ ጀምር፤ በየሳምንቱ 10 ኪሎ ያህል እየጨመርክ ሂድ። ገለባ ካለበት ልቀመው፤ ላይ ተንሳፍፎ ቅርፊት ይሠራል።

መልስ 3፦
ጋዙ መንደድ ከጀመረ በኋላም ነበልባሉ ከተርገበገበ ጥፋቱ ቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ጋዙ እርጥብ ስለሆነ ቀዝቀዝ ሲል ጤዛ ይሆናል። ቧንቧው ወደ አንድ ዝቅተኛ ቦታ እንዲያዘነብል አድርገህ እዚያ የውሃ ማውጫ ቫልቭ ግጠም፤ በየሳምንቱ ክፈተው። መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሽ፤ የሚያፈስ ካለ አረፋው ያብጣል።